ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግና የቤት ፍሳሽ መተንፈሻ

በናይሮቢ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ካሳራኒ በ1987 አራተኛው የመላው አፍሪቃ ጨዋታዎች የተካሄዱበት ታላቅ ስታዲየም ያለባት ስለሆነች፣ ለስፖርት ወዳጆች ስሟ እንግዳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ካሳራኒ የምትታወቀው ጎን ለጎን እየተጠጋጉ በተሠሩት ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤቶቿ ጭምር ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር አስቀድሞ የሚያሳድሰው መታጠቢያ ክፍሉን ነው። ግድግዳው ይፈርሳል፤ አዲስ ሴራሚክ ይነጠፋል፤ ቀድሞ በሳፋ ይታጠብ የነበረው ልብስ በመኪና እንዲታጠብ አንድ ጥግ ይከለላል። ሥራው ሲጠናቀቅ ሁሉም ያበራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የልብስ ማጠቢያው መኪና ውሃውን በለቀቀ ቁጥር የእጅ መታጠቢያው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ቀጥሎም ከወለሉ መውረጃ መጥፎ ጠረን ይነሣል። የቤቱ ባለቤት ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ ሠራተኛውም የገዛውን ዕቃ ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ከሁለቱም ዓይን የተሰወረ ነው። ቧንቧው መተንፈሻ አጥቷል።

ነገሩ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለ ቤት ፍሳሽ መጻፍ ለጋዜጣ የሚመጥን ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ይህን አስተያየት አንቀበለውም። ወታደሩ በሰፈሩ፣ ከተሜው በቤቱ በየቀኑ የሚገለገልበት፣ ሲበላሽ እንጂ ሲሠራ የማይታወስ ነገር ቢኖር የፍሳሽ መስመር ነው። ጉዳዩንም በደረቁ ከማቅረብ ይልቅ፣ የዕድሜውን እኩሌታ ለዚሁ ሥራ በሰጠና በዘመኑ በሀገሩ በአሜሪካ ስሙ በሰፊው ይታወቅ በነበረ አንድ መኮንን ሕይወት በኩል ልንገልጸው መርጠናል። ይህም መኮንን ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋሪንግ በኒውዮርክ ግዛት ፓውንድ ሪጅ በምትባል መንደር ሐምሌ 4 ቀን 1833 ተወለደ። አባቱ የብረት ምድጃ የሚያሠራ ሰው ነበር። ልጁ ግን ከብረቱ ይልቅ ወደ አፈሩ አዘነበለ፤ ጄምስ ሜፕስ ከተባለ የእርሻ ኬሚስትሪ ሊቅ ዘንድ ተምሮ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ስለ ዘመናዊ እርሻ እየዞረ ያስተምር ጀመር። በ1855 የታወቀው ጋዜጠኛ የሆራስ ግሪሊ እርሻ ኃላፊ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የኒውዮርክ ከተማ ሴንትራል ፓርክ የተባለውን ሰፊ የሕዝብ መናፈሻ ለመሥራት ስትነሣ፣ ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ የማድረቁ ሥራ ለዚህ የ24 ዓመት ወጣት ተሰጠ። ዋሪንግ ከመሬት በታች የሸክላ ቱቦዎችን በረድፍ እየቀበረ ውሃው ወደ ኩሬዎቹ እንዲሰበሰብ አደረገ። ዛሬ በመናፈሻው ሣር ላይ የሚንሸራሸረው ሕዝብ ከእግሩ ሥር ስላለው የሸክላ ቱቦ የሚያስበው አይመስለንም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ዋሪንግ የመናፈሻውን ሥራ ትቶ ዘመተ። መጀመሪያ የጣሊያኑን ጀግና የጋሪባልዲን ስም በያዘው በ39ኛው የኒውዮርክ ክፍለ ጦር ውስጥ በሻለቃነት አገለገለ፤ በኋላም ወደ ምዕራቡ ግንባር ተዛውሮ የ4ኛው የሚዙሪ ፈረሰኛ ጦር ኮሎኔል ሆነ። የጦር ሜዳ ታሪኩ በድል ያሸበረቀ ነው ለማለት አንችልም። በ1864 በሚሲሲፒ ግዛት በተደረጉት ሁለት ውጊያዎች፣ በኦኮሎናና በብራይስ መገናኛ፣ የደቡቡ ጄኔራል ፎረስት ድል ካደረጋቸው አዛዦች መካከል አንዱ እርሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1875 ባወጣው የትዝታ መጽሐፍም ላይ ከአዛዦቹ ይልቅ ፈረሶቹን በፍቅር ያነሣል። ነገር ግን ሌላ ትምህርት ይዞ ተመልሷል። በዚያ ጦርነት ከሞተው ወታደር ውስጥ ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ያህል የገደለው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነበር። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ወባ ሰፈሩን ያጸዱት ነበር። መጸዳጃውንና የሚጠጣውን ውሃ ሳይለይ የሰፈረ ጦር ጠላት ሳይነካው እንደሚያልቅ ያልገባው አዛዥ ካለ፣ የጦር ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

ከ1867 ጀምሮ ዋሪንግ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ከተማ አጠገብ የእርሻ ሥራ ይመራ ነበር። በዚያው ዓመት መሬትን ለትርፍና ለጤና ስለማድረቅ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ለጥቂት ጊዜም በእንግሊዝ የተፈለሰፈውን፣ ዓይነ ምድርን በውሃ ፋንታ በደረቅ አፈር የሚሸፍነውን መጸዳጃ ለአሜሪካኖች ሲያስተዋውቅ ቆየ፤ ያልተሳካለትም ሕዝቡ በውሃ የሚለቀቀውን ሽንት ቤት ስለ ወደደ ነው። ውሃ በቧንቧ ወደ ቤት መግባት ከጀመረ በኋላ ማንም ወደ ኋላ የሚመለስ አልነበረም። በሀገራችንም በ1890ዎቹ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውሃን በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲያስገባ ሕዝቡ እንዴት እንደ ተደነቀ በታሪክ ተጽፏል። የገባው ውሃ ቆሽሾ የሚወጣበት መንገድ ግን እንደዚህ ያለ አድናቆት አግኝቶ አያውቅም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዋሪንግ ፊቱን ወደዚሁ አዞረ፤ በ1876ም ስለ ቤቶችና ስለ ከተሞች ፍሳሽ ጤናማ አያያዝ የሚያስረዳውን መጽሐፉን አወጣ።

እዚህ ላይ የዘመኑን እምነት መግለጽ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪምና መሐንዲስ በሽታን የሚያመጣው ከቆሻሻ የሚነሣው የተበከለ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ አየር በፍሳሽ ቧንቧ አድርጎ ወደ መኝታ ክፍል ሾልኮ በመግባት የአንጀት ተስቦን፣ ዲፍቴሪያን፣ ቢጫ ወባን ሳይቀር ያመጣል ይባል ነበር። ዋሪንግ ከዚህ እምነት አጥባቂዎች አንዱ ነበር። የአንጀት ተስቦ ተሐዋሲ በ1880 ከታየ በኋላ እንኳ እምነቱን በቀላሉ አልለቀቀም። እንግዲህ ይህ ሰው በቧንቧ ሥራ ላይ ያን ያህል የተጠነቀቀው፣ ዛሬ እኛ አብዛኛውን ስሕተት መሆኑን በምናውቀው ምክንያት ነው። የሠራው ሥራ ግን አብሮ ስሕተት አልሆነም።

በእጅ መታጠቢያ ወይም በወለል መውረጃ ሥር ያለውን የታጠፈ ቧንቧ የእኛ ሠራተኞች ሲፎን ይሉታል። በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ይህም ውሃ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ሆኖ በቤቱ አየርና በፍሳሹ አየር መካከል እንደ ዘብ ይቆማል። ይህን ዘዴ በ1775 በለንደን ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ የሰዓት ሠሪ ነው። ነገር ግን የውሃው ዘብ ቦታውን ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ብዙ ውሃ ቧንቧውን ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው ያለውን አየር እየጎተተ ይሄዳል፤ የተጎተተውን አየር የሚተካ ሌላ አየር ካላገኘ የሚመጥጠው በአቅራቢያው ያለውን የሲፎን ውሃ ነው። ያን ጊዜ ነው ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ የሚሰማው። ከፊት ለፊቱ ያለው አየር ደግሞ መውጫ ካጣ ይታመቅና በታችኛው ፎቅ ያለውን የሲፎን ውሃ ሽቅብ ይገፋዋል። መድኃኒቱ ከሲፎኑ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣና ከጣራ በላይ አፉን ከፍቶ የሚቆም የአየር ማስተንፈሻ ቧንቧ ማድረግ ነው። ከፍሳሹ ጋር አየሩም መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ነገሩ ከዚህ የረቀቀ አይደለም።

ዋሪንግ ስሙን የተከለው በሜምፊስ ከተማ ነው። በ1878 በቴኔሲ ግዛት በምትገኘው በሜምፊስ የገባው ቢጫ ወባ ከ5,000 በላይ ነዋሪዎችን ገደለ፤ መሸሽ የቻለውም ከተማዋን ለቆ ሸሸ። ከዕዳዋና ከመቅሠፍቱ የተነሣ ከተማዋ በ1879 የማዘጋጃ ቤት መብቷን እስከ ማጣት ደረሰች። በሽታውም በዚያው ዓመት ተመልሶ መጣ። አዲስ የተቋቋመው የሀገሪቱ የጤና ቦርድ ባለሙያዎችን ሲሰበስብ ዋሪንግ እቅዱን አቀረበ። እቅዱ ርካሽና ቆራጥ ነበር። የዝናቡ ውሃ ለብቻው እንዲሄድ ተወስኖ፣ የቤት ፍሳሽ ብቻ 6 ኢንች ስፋት ባላቸው ቀጭን የሸክላ ቱቦዎች እንዲወርድ ተደረገ። በየመስመሩ ራስ ላይም ከ400 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ በቀን አንድ ጊዜ በራሱ ተገልብጦ መስመሩን የሚያጥብ ገንዳ ተቀመጠ። ሥራው በጥር 1880 ተጀመረ።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤቶቹ ግንኙነት ነው። ዋሪንግ የየቤቱ ዋና ቧንቧ ያለ ምንም መዝጊያ ከጎዳናው መስመር ጋር ተገናኝቶ ስፋቱ ሳይቀነስ ከጣራ በላይ እንዲወጣ አዘዘ። በዚህም እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለጎዳናውም መተንፈሻ ሆነ። ብዙዎች ደነገጡ፤ ገዳይ ያሉትን አየር ዋሪንግ በየቤታቸው ጎን ሽቅብ ሊነዳው ነውና። እርሱ ግን የታሰረ አየር እንጂ የሚንቀሳቀስና ከጣራ በላይ የሚበተን አየር እንደማይጎዳ ያምን ነበር። በዚህ ረገድ ጊዜ ፈርዶለታል። በሌላው ግን ሁሉ አልፈረደለትም። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ጨርቅና አጥንት እየገባባቸው ይደፈኑ ነበር፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ሰው ገብቶ የሚመረምርባቸውን ጉድጓዶች ስላላስቆፈረ የተደፈነውን ለማግኘት መንገድ መቆፈር ግድ ሆነ። ዘዴውንም በፓተንት አስመዝግቦ ይጠቀምበት ስለ ነበር በሌሎች መሐንዲሶች ተወቅሷል። ወቀሳው አላግባብ ነው አንልም።

በሐምሌ 1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ቆስለው በተኙበት ጊዜ፣ ቁስሉ አልድን ማለቱን የቤተ መንግሥቱ የፍሳሽ ቧንቧ አየር አብሶታል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ዋሪንግ ተጠርቶ ኋይት ሀውስን መረመረ፤ የቧንቧውም ሁኔታ ጉድለት የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ወር የሞቱት በቁስሉ መመረዝ ነበርና ቧንቧው ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ የገቡት ፕሬዚዳንት አርተር የመታጠቢያ ክፍሎቹን መስመር አሳደሱ። የሀገር መሪ ቤት እንዲህ ከሆነ የሌላው ዜጋ ቤት እንዴት ይሆን ብሎ ሕዝቡ የየቤቱን ሲፎን ማየት ጀመረ።

በዚያው ዘመን በመሐንዲሶች መካከል ብርቱ ክርክር ተካሄደ። በየሲፎኑ ላይ የማስተንፈሻ ቧንቧ ይደረግ የሚሉ በአንድ ወገን ተሰለፉ፤ ይህም በየከተማው ደንብ እየሆነ ሄደ። በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ያ ሁሉ ቧንቧ ወጪ ከማብዛቱም በላይ ንፋስ እያስገባ የሲፎኑን ውሃ ቶሎ ያደርቀዋል ይሉ ነበር። ዋሪንግ ዋናው ቧንቧ ከጣራ በላይ መውጣቱን አጥብቆ ሲደግፍ፣ በየሲፎኑ የሚደረገውን ግን ከሚጠራጠሩት ጋር ቆመ። ለቤት ባለቤቶች በ1885 ያሳተመው የቤት ፍሳሽ መጽሐፍም ከሁሉ በፊት ቀላል አሠራርን የሚሻ ነበር። ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ውሃ በማይፈስበት ሲፎን ላይ ድርቀት እውነተኛ ጠላት ነው። ሆኖም ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደራረብ፣ በአንድ ቀጥ ያለ ቧንቧም የብዙ ቤተሰብ ፍሳሽ ሲወርድ፣ የመምጠጡ ኃይል ከድርቀቱ ይልቅ እንደሚያስፈራ ልምድ አሳየ። ብዙ ፎቅ ላለው ቤት የበለጠውን የመከሩት ተከራካሪዎቹ ናቸው።

ከዚህ ላይ ወደ ካሳራኒ መለስ ብለን የሥራውን ዝርዝር ብናይ ለሚያሳድስ ሰው ይጠቅመዋል። በኬንያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1968 የሕንፃ ደንብ ከብሪታንያ አሠራር የተወረሰ ስለሆነ፣ ዋናው የፍሳሽ ቧንቧ ከጣራ በላይ እንዲወጣ ማድረግ ለአካባቢው ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጥፋት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ በሚጨመረው ነው። የልብስ ማጠቢያ መኪና ውሃውን የሚለቀው እንደ እጅ መታጠቢያ እያንጠባጠበ አይደለም፤ በፓምፕ ገፍቶ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ስለዚህ የእጅ መታጠቢያው ቀጭን ቧንቧ ላይ መቀጠል አይገባውም። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የራሱ ቋሚ ቧንቧ ከነሲፎኑ ያስፈልገዋል፤ ቋሚው ቧንቧም ከሲፎኑ በላይ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው። የመኪናው ጎማ ቱቦ በቋሚው ቧንቧ አፍ ውስጥ ልል ሆኖ ይግባ እንጂ በጨርቅ ወይም በማጣበቂያ አይጠቅጠቅ፤ የተጠቀጠቀ እንደሆነ የቆሸሸው ውሃ ወደ መኪናው ሊመለስ ይችላል።

ሲፎኑም ቢሆን ውሃው ወደ ግድግዳ በአግድም የሚወጣበት ዓይነት ይሁን፤ ወደ ወለል ቁልቁል የሚዞረው ዓይነት ራሱን በራሱ መጥጦ ባዶ የማድረግ ጠባይ አለውና። ማስተንፈሻው ከሲፎኑ ብዙ ሳይርቅ ይነሣ። ወደ ላይ ሲወጣም በኮርኒስ ውስጥ ወይም በወጥ ቤት የጭስ መውጫ ውስጥ መቅረት የለበትም፤ ይህን ያደረገ ሰው ጠረኑን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አላስወገደም። በብሪታንያ ደንብ መሠረት የማስተንፈሻው አፍ ከሦስት ሜትር ባነሰ ርቀት መስኮት ካለ፣ ከመስኮቱ በላይ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። ቤቶች እጅግ ተጠጋግተው በሚሠሩበት ሰፈር ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ የአንዱ ቤት ጣራ ለጎረቤቱ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ትይዩ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በፎቅ ቤት መካከለኛ ክፍል የሚኖር ሰው እስከ ጣራ ድረስ ቧንቧ ለማውጣት እንደማይችል እናውቃለን። ለዚህ በ1970ዎቹ በስዊድን የተሠራ አንድ ክዳን አለ፤ ቧንቧው አየር ሲስብ ይከፈታል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ይዘጋል። ይህ ክዳን ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ስለዚህ ከታች የሚታመቀውን አየር አይረዳውም፤ ሕንፃውም ቢያንስ አንድ ከጣራ በላይ የተከፈተ መተንፈሻ ሳይኖረው ሁሉም በክዳን ቢሠራ ችግሩ እንዳለ ይቀራል። በምድር ቤት የሚኖሩትን በተመለከተ ደግሞ፣ ሕንፃው ከአምስት ፎቅ በላይ ከሆነ የምድር ቤቱ ፍሳሽ ከዋናው ቋሚ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ቢወጣ ይመረጣል። የላይ ቤቱ ሁሉ የሳሙና አረፋ የሚከማቸው በቋሚው ቧንቧ እግር ላይ ነውና፣ እዚያ ላይ የተቀጠለ መታጠቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ አረፋ ቢያወጣ ሊያስገርመን አይገባም። ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ፍሳሽ፣ የመንገዱ መስመር እስከ ደረሰው ድረስ፣ በዚያው በካሳራኒ የምርጫ ክልል ውስጥ በሚገኘው በሩዋይ ወዳሉት የናይሮቢ ሰፋፊ የማጣሪያ ኩሬዎች ያመራል።

ወደ ኮሎኔሉ እንመለስ። በጥር 1895 የኒውዮርክ ከንቲባ ዋሪንግን የመንገድ ጽዳት ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። ከተማዋ በፈረስ ፋንድያና በቤት ጥራጊ ተሞልታ ነበር፤ ሥራውም የፖለቲከኞች ወዳጅ መጦሪያ ሆኖ ኖሯል። ዋሪንግ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ጠራጊዎች እንደ ጦር አደራጃቸው፤ በየምድባቸው ኃላፊነት ሰጣቸው፤ ነጭ የደንብ ልብስም አለበሳቸው። ነጭ ለጠራጊ መልበሱ ሰውን አሳቀ። እርሱ ግን ምክንያት ነበረው፤ ነጭ የለበሰ ሠራተኛ ከሩቅ ስለሚታይ መጠጥ ቤት ገብቶ መደበቅ አይችልም፤ ከዚያም በላይ ልብሱ ከሐኪም ልብስ ጋር ስለሚመሳሰል ክብር ይሰጠዋል። በግንቦት 1896፣ እኛ በዓድዋ ድል ካደረግን ሦስተኛ ወር ባልሞላ ጊዜ፣ እነዚህ ጠራጊዎች በሙዚቃ ታጅበው በከተማዋ ዋና ጎዳና ሰልፍ አሳዩ፤ ሲሥቅባቸው የነበረውም ሕዝብ አጨበጨበ። ሠራተኞቹ 41 ተወካዮቻቸውን መርጠው አቤቱታቸውን በስብሰባ የሚያሰሙበትን ሥርዓትም ያቆመላቸው ይኸው ኮሎኔል ነው። ምላሰ ስለታም በመሆኑ ግን ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጋር በጡረታ ጉዳይ ተጣልቶ ይባረር እስከ መባል ደርሶ ነበር። የከተማው አስተዳደር ሲለወጥ በ1897 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ።

በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ኩባን ከስፔን እጅ ስትረከብ ሐቫና በቢጫ ወባ የታወቀች ከተማ ነበረች። መንግሥቱ ከተማዋን የሚያጸዳ እቅድ እንዲያወጣለት ዋሪንግን በጥቅምት 1898 ላከው። የ65 ዓመቱ ሰው የሐቫናን ቦዮችና ጓሮዎች እየተዘዋወረ መረመረ፤ የፍሳሽ መስመሩን ሐሳብም አዘጋጀ። ወደ ኒውዮርክ በመርከብ ሲመለስ ሕመሙ ጀመረው። ጥቅምት 29 ቀን 1898 በቢጫ ወባ ሞተ። ሜምፊስን ከዚህ በሽታ አዳነ የተባለው ሰው በዚሁ በሽታ ማለፉን ጋዜጦች በሐዘን አወሩ።

የገደለው የቧንቧ አየር አልነበረም። ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ገና በ1881 ቢናገርም ሰሚ አላገኘም ነበር። ዋሪንግ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1900፣ ዋልተር ሪድ የተባለው የጦር ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በዚያው በሐቫና አካባቢ የፊንላይን ሐሳብ በሙከራ አረጋገጠ። ይህች ትንኝ የምትራባው በቆሻሻ ቦይ ሳይሆን በቤት ውስጥ በተቀመጠ ጥሩ ውሃ ነው፤ በእንስራ፣ በበርሜል፣ በጉድጓድ። ሜምፊስ ከ1879 በኋላ ያን የመሰለ እልቂት ዳግመኛ አላየችም፤ ለዚህም ከፍሳሹ መስመር ይልቅ በ1887 ከመሬት ሥር ጥልቅ ውሃ ተገኝቶ በየቤቱ ጓሮ የነበሩት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች መተዋቸው ሳይረዳ አልቀረም። በሀገራችንም ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በዚያ ምንም የፍሳሽ ቧንቧ አልነበረም።

እንግዲህ የዋሪንግ እምነት ከእርሱ ጋር የተቀበረ መስሎ ነበር። የፍሳሽ አየር ያሸታል፤ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲታመቅ ደግሞ መርዛም ጋዝ ስላለው ሰው ይገድላል፤ ነገር ግን ተላላፊ በሽታ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል ማለት ያረጀ ተረት ተደርጎ ለመቶ ዓመት ያህል ሲነገር ኖረ። በመጋቢት 2003 ግን በሆንግ ኮንግ፣ አሞይ ጋርደንስ በሚባል ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሰፈር፣ ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን ያዘ፤ 42ቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ ሲያጣሩ አንድ ታማሚ ከተጠቀመበት ሽንት ቤት የወረደው ፍሳሽ ቋሚውን ቧንቧ እንደ በከለው ደረሱበት። በብዙዎቹ የመታጠቢያ ክፍሎች ወለል ላይ ያሉት ሲፎኖች ደርቀው ነበር፤ ነዋሪዎቹ ወለሉን በውሃ ማጠብ ትተው በጨርቅ መወልወል ስለ ለመዱ ውሃ የሚገባባቸው አልነበረም። የመታጠቢያ ክፍሉ አየር ማውጫ ማራገቢያ ሲከፈት ከቋሚው ቧንቧ የተበከለውን እርጥበት በደረቁ ሲፎኖች በኩል ወደ ቤት ይስበው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆንግ ኮንግ የጤና ባለሥልጣኖች ነዋሪው ሁሉ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ የወለል መውረጃ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንዲያፈስ ያሳስባሉ።